ከጃፓን የመጣችው ጣውንት

አባቴ ሁለተኛ ሚስት ያገባ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሙሽራዋን በዓይኔ አላየኋትም፤ የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ባዞረ ቁጥር መጀመሪያ «ቲንግ» የሚል ነገር ይሰማል፤ ከዚያ እሷ በቀጭን፣ በሚያባብል ድምፅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትናገርና ዝም ትላለች። ጠዋትም ያቺኑ፣ ማታም ያቺኑ። ምን እንደምትል ኬንያ ውስጥ ባለችው ከተማችን በአሄሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቋንቋው ጃፓንኛ መሆኑን ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቅ ነበር፤ መኪናው ከጃፓን ተጭኖ በሞምባሳ ወደብ የገባ አሮጌ ነጭ መኪና ነበርና።

ጣውንት መሆኗን ያወጀችው ልብስ ሰፊዋ ፒሊስታ ናት። ፒሊስታ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበረች። መኪናው ግቢያችን የገባ ዕለት አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ ድምፁን ሰማችና እጇን አጨበጨበች።

«የኡዮማ ልጅ! ነይ ጉድሽን ስሚ! ኦቡያ ጣውንት አምጥቶልሻል! ደግሞ ጨዋነቷ፤ ሳይጠሯት አቤት ትላለች!»

ኦቡያ አባቴ ነው። የኡዮማ ልጅ ደግሞ እናቴ ናት፤ ያገባች ሴት በእኛ ዘንድ የምትጠራው በትውልድ አገሯ ስለሆነ ዋና ስሟን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ልትመዘግበኝ ስትፈርም ነው። በግቢው የተሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ብቻ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና «እንዲህ ያለችው ለስላሳ ናት የምታስፈራው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» አለች። እናቴ አልሳቀችም።

«ትመቸው» አለችና ወደ ቤት ገባች።

እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ስሰማ ምን ልበል? ሴቶች ተናገሩ፣ አሮጊት አረጋገጠች፣ እናቴ ተቀየመች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

እናቴ የተቀየመችበትን ምክንያት አሁን አውቀዋለሁ። እኔ ስወለድ እናቷ የሰጠቻት አንዲት ቡላ ላም ነበረቻት። ለለቅሶ ኡዮማ ወርዳ ሦስት ቀን ብትቆይ፣ አባቴ ላሟን ሳይጠይቃት ሸጦ መኪናውን ገዛ። እሱ እንዳሰበው መኪናው ከአሄሮ ኪሱሙ ሰው እያመላለሰ ለቤቱ ይሠራል፤ ሥራውም መጥፎ አልነበረም። ግን በዚያው ግለቱ የቤቱንም ሬዲዮ ሸጠው። «መኪናው የራሱ ሬዲዮ አለው፤ አንድ ቤት ሁለት ሬዲዮ ምን ያደርግለታል?» ብሎ።

የመኪናው ሬዲዮ ግን ዘጠና ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ያልቅና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጃፓኖች ቴፑን የሚሠሩት ለራሳቸው ጣቢያዎች ነው፤ የእኛን ቋንቋ የሚናገረው ጣቢያ ደግሞ ከመቶ በላይ ነበር። በአገራችን ከጃፓን መኪና ያስመጣ ሰው ሁሉ ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። አባቴ የሬዲዮውን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ቢያዞር ወደ ግራ ቢያዞር፣ የሚሰማው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅና አንድ የእንግሊዝኛ ሰባኪ ነበር።

«ላሜንም ሬዲዮዬንም በላቸው» ትል ነበር እናቴ ሰው በተሰበሰበበት። «በምትኩ ይኸው ጃፓንኛ ያሰማናል።»

መኪናው ላይም እግሯን አላሳረፈችም። ቲማቲሟን በቅርጫት ተሸክማ ወደ ገበያ ስትሄድ አባቴ ከጎኗ እያዘገመ ሲለምናት አስታውሳለሁ። ከኋላ አራት ሰው ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ጋቢናው ባዶ ነው።

«ግቢ እንጂ፣ የአኬዮ እናት። ፀሐዩን አታዪም?» አኬዮ እኔ ነኝ።

«በላሜ ጀርባ ላይ አልቀመጥም።»

«ኧረ ግቢለት እናቴ፤ እኛም በጊዜ እንድረስበት» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

«አንተ ምን ቸገረህ? ላሟ ያንተ አይደለች!»

ያ ባዶ ጋቢና ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነበር። አባቴ ሰው ከኋላ እንደ ሩዝ ጆንያ እየደረደረ በጋቢናው ማንንም አያስቀምጥም። የትራፊክ ፖሊስ እንኳ ልቀመጥ ቢል «ወንበሩ ተሰብሯል» ይለዋል። ወንበሩ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንም በማያየኝ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ስለዚህ ወንበሩ የእሷ ነው ብዬ ደመደምኩ። አትታይም እንጂ እዚያ ተቀምጣለች።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ጨርሶ እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴ ከእናቴ ቤት ጎን አራት ጉድጓድ ቆፍሮ አራት እንጨት አቆመ። ሁለተኛ ሚስት ስትመጣ ቤቷ የሚሠራው የት እንደሆነ የእኛ አገር ልጅ ይጠፋዋል? ከመጀመሪያዋ ሚስት ቤት ጎን ነው! ቆርቆሮውን ሲመታ መሬት ላይ ተቀምጬ ሚስማር አቀብለው ነበር። እያቀበልኩም በሆዴ አለቅስ ነበር።

«ባባ፣ ግድግዳው መቼ ነው የሚሠራው?» አልኩት።

«ምን ግድግዳ ያስፈልገዋል? ለጥላ እኮ ነው» አለኝ። ግድግዳ የሌለው ቤት የጃፓን ልማድ ይሆናል ብዬ ሚስማሩን ማቀበል ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አባቴ ሥራ ያቆምና በዚያ ጥላ ሥር መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። መሪው ላይ አንዲት ጠንካራ ወረቀት አድርጎ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ እስክሪብቶውን ይነክሳል። ከዚያ የሬዲዮውን ቁጥር ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ያመላልሳል። ለእሷ ደብዳቤ እየጻፈ ነው እል ነበር። መጻፍ የማይወድ ሰው እንዲህ ከተቸገረ መቼም በፍቅር ተይዟል።

በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት በሴትየዋ ነው። አባቴ የሚጽፈው የሰላምታ ካርድ ነበር። ያኔ ካርዱ ከኪዮስክ ይገዛል፤ ሰላምታ የሚደርሳቸው የሃያ ሰዎች ስም የሚጻፍበት መስመር አለው፤ በፖስታ ለሬዲዮ ጣቢያው ይላካል፤ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት አቅራቢው አንድ በአንድ ያነበዋል። እናቴ ከማንም ሽማግሌ ምልጃ ይልቅ ያንን ዝግጅት ትወድ ነበር፤ ሬዲዮው ሳይሸጥ በፊት አንድም ቅዳሜ አምልጧት አያውቅም። አባቴ ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ አልሆነለትም። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስቴም ስለ ነዳጅ ማውራቱን ቆይቶ ነግሮኛል። ስለዚህ ይቅርታውን በካርድ ላከ። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ካርዱ ሲነበብ እናቴ በጋቢናው ተቀምጣ፣ ከዚያው ከሚያስጠላት መኪና ሬዲዮ እንድትሰማው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሬዲዮው መናገር ነበረበት።

ካርዱ ከተላከ በስድስተኛው ሳምንት ፉንዲ ዋሶንጋ መጣ። ፉንዲ ማለት ጠጋኝ ነው፤ እሱ የሚጠግነው ሬዲዮና ቴፕ ነው፤ ከሲታ፣ መበየጃውን እንደ እስክሪብቶ በኪሱ ሰክቶ የሚዞር፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። አባቴን ጎትቶ ለብቻው ሲያንሾካሹክለት ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ።

«ባለፈው ቅዳሜ አቅራቢው ምን አለ መሰለህ? የአሄሮን ፖስታ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼዋለሁ አለ። ዛሬ ነው እንግዲህ!»

«ዛሬ? እና ይሄ ደንቆሮ ሬዲዮ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ዋሶንጋ ከቦርሳው የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አወጣ። የአንቴናውን ሽቦ ከቴፑ ጀርባ ነቅሎ ሳጥኗ ላይ ሰካ፤ የሳጥኗን ሽቦ ደግሞ ቴፑ ላይ ሰካ። አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሴትየዋ የተለመደውን ተናገረች። ቀጥሎ፣ ኧረ የምን ተአምር ነው፣ ሬዲዮው በእኛ ቋንቋ ስለ ሩዝ ተባይ ማውራት ጀመረ! አባቴ መኪናውን እየዞረ ጨፈረ። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ አየችና ተመለሰች።

«እንዴት አደረግኸው?» አለ አባቴ።

«ቀላል ነው። ሳጥኗ መቶውን ሰማንያ አድርጋ ታወርድለታለች። ቁጥሩ ይዋሻል፣ ድምፁ ግን እውነት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «እመቤቲቱን ቋንቋችንን አስተማርኳት። ከእንግዲህ የአሄሮ ሰው ናት!»

ምነው አፉን በቆረጠው! እስከዚያ ሰዓት አንድ ተስፋ ነበረኝ። ቋንቋችንን ስለማታውቅ አባቴ አንድ ቀን ይሰለቻታል፣ ወይም እሷ አገሯ ይናፍቃትና ትሄዳለች እል ነበር። አሁን ግን ቋንቋ ቻለች። ስለ ሩዝ ተባይ ሳይቀር አወቀች። ቋንቋ የቻለ እንግዳ መቼ ይወጣል?

ሳጥኗን በብሎን ከማሰራቸው በፊት ምሳ ሊበሉ ገቡ። ቆሮሶ ዓሣ ኡጋሊ በምንለው የበቆሎ ገንፎ ነበር፤ እኔ በልቻለሁ አልኩ። በጋቢናው በኩል ገብቼ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋለልኩ። ሳጥኗ በሽቦዋ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ከላይ የገባላትን ወፍራም ሽቦ በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ሳብኩ። «ጭቅ» ብሎ ወጣ። ወደ ኋላ ገፍቼ ከምንጣፉ ጀርባ ደበቅሁት። ወጥቼ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባቴ ፊቱን ታጥቦ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። የጋቢናውን ወንበር በንጹሕ ፎጣ አለበሰ።

«የኡዮማ ልጅ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ነይ። አንድ የምትሰሚው ነገር አለ።»

«ቀሚስ ልለካ ፒሊስታ ዘንድ ተቀጣጥሬያለሁ» አለችና ሄደች። ዞራም አላየችውም።

«ካሰማናት ትመጣለች፤ ድምፁን ጨምረህ ክፈተው፣ ከፒሊስታ ቤት ድረስ ይደርሳል» አለ ዋሶንጋ። አባቴ ቁልፉን አዞረ።

«ቲንግ» አለ። ሴትየዋም፣ ምንም እንዳልደረሰባት፣ በዚያው ጨዋነቷ የተለመደውን ተናገረች። በጃፓንኛ! ሬዲዮው ግን «ሽሽሽሽ» ብቻ ሆነ። የእሷን ጉሮሮ አነቅሁ ብዬ የሌላውን አንቄ ኖሯል።

ምን ትል እንደነበር የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ኪሱሙ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚሠራ፣ ጃፓን የተማረ ባልደረባዬ ነው። እዚያ አገር መንገዱ ቀረጥ አለው፤ መኪናው ቀረጡን የሚከፍልበት ካርድ ካልተከተተለት መኪናው ውስጥ የተገጠመች ትንሽ መሣሪያ «ካርዱ አልገባም» ትላለች። ምስኪን፣ ለዓመታት ጮኸች፣ የሚሰማት አጣች እንጂ።

ዋሶንጋ እጅጌውን ሰበሰበ። «ተረጋጋ። በሽታው የት እንዳለ ደረጃ በደረጃ ነው የሚፈለገው። ካሴት አለህ?»

አባቴ ካሴት ከተተ። ዘፈኑ ቦግ ብሎ ወጣ።

«ካሴቱ ከዘፈነ ስፒከሩም ፊውዙም ጤነኛ ነው። ሕመሙ ያለው በመቀበያው በኩል ነው።» ካሴቱን አስወጣ። ውጪ ያለውን አንቴና መዘዘ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ በእጁ ያዘው። «ስይዘው ለውጥ አለ?»

«ሽሽሽሽ ነው።»

«ሞተሩን አጥፋውና በቁልፍ ብቻ ክፈት፤ የሞተሩ ጩኸት እንዳይሆን።»

«ያው ነው! ዋሶንጋ፣ አሥር ሰዓት ሆነ እኮ!»

የአባቴ ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እኔ ዶሮዎቹ መሃል ሆኜ ልናገር ስል ቃሉ አፌ ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል። ሁለቱም አንገታቸውን ዳሽቦርዱ ሥር ከተቱ፤ የሚታየኝ አራት እግር ብቻ ነበር። ከዚያ ከአንዱ ጥንድ እግር የአባቴ ድምፅ መጣ።

«አኬዮ! ሩጪ! ፒሊስታን ሬዲዮሽን ለአንድ ሰዓት አውሺን በያት! እናትሽንም ይዘሻት ነይ!»

ሮጥኩ። ፒሊስታ ደጃፍ ስደርስ እናቴ በግማሽ የተሰፋ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ ጠርዙ ዙሪያውን መርፌ ተሰክቶበታል። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ እያወራ ነው። አፌን ስከፍት ፒሊስታ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«…ቀጥሎ ያለው ካርድ ደግሞ አስገርሞኛል» ይላል አቅራቢው። «የሃያ ሰው ቦታ እያለው አንድ ስም ብቻ ነው የተጻፈበት! ከአሄሮው ባለታክሲ ከኦቡያ፣ ለኡዮማ ልጅ። እንዲህ ይላል፦ ላሟን ሳልጠይቅሽ መሸጤ ጥፋት ነው። ሬዲዮውን መሸጤ ደግሞ ሞኝነት ነው። ጋቢናው መኪናው ከመጣ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ያንቺ ነው። … አይ ኦቡያ! እኔ እሷን ብሆን እቀመጥ ነበር።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቴ የቀሚሱን ደረት ወደ ላይ ስባ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሰማሁት ውስጥ የገባኝ ላሟና ጋቢናው ነው፤ የባሰ ነገር የመጣ መሰለኝና ወገቧን አቅፌ ጮኽኩ።

«እማዬ አታልቅሺ! ሽቦዋን ነቅዬባታለሁ! ከእንግዲህ አትናገርም! … ማለቴ ትናገራለች፣ ግን በጃፓንኛ ብቻ ነው!»

ቀሚሱን ከፊቷ ስታወርደው ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ግን እየሳቀች ነበር። ፒሊስታማ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች።

«እና አባትሽ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «እሱ አልሰማም?»

«አልሰማም። ቴፑ ሽሽሽ ነው የሚለው። ከሥሩ ገብቷል።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አገጬን ያዘች። «እዚህ የሰማሽውን ሆድ ይፍጀው። ገባሽ? ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ፒሊስታ፣ አንቺም!»

«እኔማ አፌን በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ» አለች ፒሊስታ።

እናቴ መርፌው እንደተሰካ እጄን ይዛ ወደ ቤት ገሰገሰች። አራቱ እግሮች እንደነበሩ ናቸው። የጋቢናውን በር ከፈተች፣ ቀሚሷን በጥንቃቄ ሰበሰበችና ፎጣው ላይ ተቀመጠች። አባቴ ከዳሽቦርዱ ሥር ቀና ሲል ጭንቅላቱን መሪው ላይ መታው።

«እንዴት … መጣሽ?»

«ሙቀቱ ነው። እዚህ ጥላ አለ ብዬ ነው» አለች ወደ ፊት እያየች።

ያን ጊዜ ዋሶንጋ ከምንጣፉ ጀርባ ሽቦውን አገኘ። «አይጥ!» ብሎ ጮኸ። «አይጥ ጎትታዋለች፣ አታይም?» ሰካው። ሬዲዮው ቦግ አለ፤ አቅራቢው ደኅና ሰንብቱ ብሎ ሲያበቃ ነበር። የአባቴ ፊት ሲጠቁር አየሁ።

«አለፈ» አለ።

«ምኑ ነው ያለፈው?»

«ምንም። አንድ … ዝግጅት ነበር።»

«ታዲያ ሳምንት ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ፣ ከወንበሩም አልተነሳችም።

አባቴ ያንኑ ቃል በሌላ ካርድ ጽፎ ላከ። ካርዱ እስኪነበብ አራት ወር ፈጀ። በእነዚያ አራት ወሮች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እናቴ አሥር ሰዓት ሳይሞላ በጋቢናው ትቀመጣለች፣ አባቴ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ። የሰው ስም ሲጠራ አብረው ያማሉ፣ አብረው ይስቃሉ። በስተመጨረሻ ካርዱ የተነበበ ዕለት እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ውይ! እኔን ነው እንዴ?» ስትል፣ ይህን ያህል ዐይኗን በጨው አጥባ መዋሸት እንደምትችል አይቼ ደነገጥኩ።

ለምን እንዳልነገረችው የጠየቅኋት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። «ተነቧል ብዬ ብነግረው ኖሮ መጠበቁን ይተው ነበራ» አለችኝ። «ባሌ ሥራ አቁሞ አጠገቤ የተቀመጠው ያኔ ነው። ላሟን በእነዚያ ወሮች ነው ይቅር ያልኩት፤ በካርዱ አይደለም።»

ባለፈው ወር ለፋሲካ ቤት ሄጄ ነበር። ዝግጅቱ ከቀረ ቆይቷል፤ መኪናውም መንቀሳቀስ ትቶ በዚያው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪውን ግን አባቴ እየሞላ ይመልሰዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ከአባቴ ጋር ብቻችንን ሆነን ቲማቲም ስናጠጣ ያንን ምስጢር ከሃያ ዓመት በኋላ አወጣሁት። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያው ካርድ የዚያኑ ዕለት ተነቦ እናቴ ሰምታዋለች አልኩት።

አባቴ ባልዲውን አስቀመጠና ሳቀ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ባለታክሲ ነኝ። ሰኞ ጠዋት መኪናዬ ላይ የወጣው ሰው ሁሉ ነው የነገረኝ። ከኪሱሙ እስክመለስ ድረስ ‹ኦቡያ፣ ተቀመጠችልህ ወይ?› ያላለኝ የለም።»

«ታዲያ ለምን ደግመህ ጻፍክ?»

«እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ተቀመጠች እኮ። ሰምቻለሁ ብላት ተነስታ ትሄድ ነበር።» ባልዲውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዳትነግሪያት።»

አልነገርኳትም። ወዲያው ከጥላው በኩል ድምፅዋ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! አሥር ሰዓት ሆነ እኮ፤ ብቻዬን ነው እንዴ የምቀመጠው?»

አባቴ እጁን በሱሪው ጠራረገና ቲማቲሙን ለእኔ ትቶ ሄደ።